ከጋፋት እስከ መቅደላ፦ የከባድ ብረት ጉዞ

የጋፋት ታሪክ ሲነሣ ትረካው ብዙውን ጊዜ እቶኑ ዘንድ ያበቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ የመጡትን ሚሲዮናውያንና ባለእጆች ደብረ ታቦር አጠገብ ሰብስበው መድፍ እንዲሠሩላቸው እንዳዘዙ፣ ሰዎቹ ሥራው የማያውቁት ስለነበር መጀመሪያ እንደተቸገሩ፣ በመጨረሻም ሴባስቶፖል የተባለው ግዙፍ መድፍ ከቅርጹ እንደወጣ ይነገረናል። ከዚያ ወሬው በአንድ ትንፋሽ ዘልሎ መቅደላ ላይ ያርፋል። በእቶኑና በአምባው መካከል ግን ስድስት ወር ያህል የፈጀ ጉዞ አለ፤ የጂዳና የበሽሎ ገደሎች አሉ፤ ድንጋይ የፈለጡ፣ አፈር የደለደሉና ገመድ የሳቡ እልፍ እጆች አሉ። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን ነሐስ ከቅርጹ የወጣ ዕለት ዋናው ጥያቄ ገና መጀመሩ ነበር። ይህ እንዴት ይነሣል? በምን ላይ ይጫናል? በየት በኩል ያልፋል? እኔ የምከራከረው የጋፋት ሰዎችና ንጉሠ ነገሥቱ ከሠሩት የቴክኒክ ሥራ ሁሉ ትልቁ መድፉን ማቅለጣቸው ሳይሆን ማንቀሳቀሳቸው ነው ብዬ ነው። ይህን ካልተቀበልን ከዚያ ወዲህ ወደ አገራችን የገባውን የማሽን ታሪክ ጭምር አጣምመን እናነበዋለን።

ለመረዳት የሚቀለው በጊዜው ከነበረው ልማድ ብንነሣ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ የዕቃ ልኩ የሚወሰነው በከብት ጀርባ ነበር። አንዲት በቅሎ ሰማንያ፣ ቢበዛ መቶ ኪሎ ገደማ ትሸከማለች፤ አህያ ከዚያ ያነሰ፤ በቆላው በኩል ግመል የበቅሎን እጥፍ ያህል። ነጋዴ ሲራራ ከጠረፍ እስከ መሃል አገር የሚያመላልሰው ሁሉ፣ አሞሌ ጨው ቢሆን ቡና፣ የዝሆን ጥርስ ቢሆን ጠመንጃ፣ አጋሰሱ በሁለት ጎኑ አመዛዝኖ ሊሸከመው በሚችል መጠን ይከፈል ነበር። ሊከፈል የማይችል ከባድ ዕቃ ከመነሻው ንግድ ውስጥ አይገባም። መንኮራኩር በደጋው ሕይወት ቦታ ያጣው ሰው ስላላወቀው አይደለም። ሠረገላን ከመጽሐፍ ቅዱስና ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የማያውቅ አልነበረም። ክረምት በመጣ ቁጥር መንገዱን የሚበላ ጎርፍ፣ ድልድይ የሌለው ወንዝና ከአምባ ወደ ሸለቆ የሚወርድ ገደል ባለበት አገር አራት እግር ያለው እንስሳ ከአራት መንኮራኩር ይሻላል። በቅሎ መንገድ አትጠይቅም፤ እግሯን የምታሳርፍበት ዱካ ይበቃታል። ስለዚህ ዕቃን ለመንገዱ ማስማማት ለዘመናት የተፈተነና በራሱ ብልህ የሆነ መፍትሔ ነበር። ሌላው መፍትሔ፣ ማለትም መንገዱን ለዕቃው ማስማማት፣ እጅግ ውድ በመሆኑ የአክሱም ሰዎች ከጎቦድራ ተራራ ያን ሁሉ ሐውልት ወደ ከተማቸው ከጎተቱበት ዘመን ወዲህ በዚያ መጠን የደፈረው የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጋፋት ይህን ልማድ የሰበረችው ገና ሥራዋን ስትጀምር ነው። ከባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የመጡት ሚሲዮናውያን፣ ከእነርሱም ቴዎፍሎስ ቫልድማየር፣ ዛልሙለርና ቤንደር፣ ወደ ኢትዮጵያ የገቡት ወንጌልን ከእጅ ሥራ ጋር ለማስተማር ነበር። ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሃልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎም ከእነርሱ ጋር ተደመሩ። ንጉሠ ነገሥቱ የፈለጉት ግን መሣሪያ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሥራዎቻቸው ትናንሽ ነበሩ፤ ትናንሽ መድፍ ደግሞ በከብትና በሰው ትከሻ ሊሄድ ስለሚችል ልማዱን አያናጋም። መጠኑ እያደገ ሲሄድና በክራይሚያ ጦርነት በተከበበችው ከተማ ስም የተጠራው ግዙፉ መድፍ ሲታዘዝ ግን አንድ ድንበር ታለፈ። ይህ ዕቃ አይከፈልም፤ ለሁለት ቢቆረጥ መድፍነቱ ያበቃል። በየትኛውም እንስሳ ጀርባም አይወጣም። ስለዚህ ዕቃው ራሱ መንገድ ጠየቀ።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። መድፉ ለመቅደላ ከተፈለገ ለምን መቅደላ ላይ አልቀለጠም? በአውሮፓ ትልልቅ ደወል የሚሠሩ ባለሙያዎች እቶናቸውን ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ይተክሉ እንደነበር ይታወቃል፤ ብረቱን በቁርጥራጭ በአጋሰስ ጭኖ እዚያው ማቅለጥ ሰባት ቶን ከመጎተት ይቀላል። ክርክሩ ጥሩ ነው፤ ግን ሁለት ነገር ይዘነጋል። አንደኛ፣ እቶን ብቻውን መድፍ አይሠራም። ለቅርጹ የሚሆን ሸክላ፣ የማገዶ እንጨትና ከሰል፣ ውኃ፣ በስሕተት የሠለጠኑ እጆችና ለእነርሱ የሚበቃ ስንቅ ያስፈልጋል፤ ይህ ሁሉ በዓመታት ድካም የተሰባሰበው ጋፋት ላይ ነበር። የመቅደላ አምባ ደግሞ ለምሽግና ለእስር ቤት የተመቸ ጠባብ ተራራ እንጂ የሥራ መንደር የሚሆን ቦታ አልነበረም። ሁለተኛ፣ ጋፋት ሥራ ስትጀምር ቴዎድሮስ መሄጃቸው ጠብቦ መቅደላ ብቻ እንደሚሆን አላሰቡም። መድፉ የታሰበው አገር ሁሉ ለሚንበረከክለት ንጉሥ ነበር። በ1850ዎቹ መጨረሻ ግን ግዛታቸው እጃቸው ላይ እየተናደ ሄደ፤ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ይዘዋል፤ ዋግሹም ጎበዜ በሰሜኑ በርትተዋል፤ በጌምድር ራሱ ሸፍቷል። ሀብታቸውና እስረኞቻቸው ያሉት መቅደላ ስለነበር ወደዚያ መሄድ ግድ ሆነ። ጋፋትን ግን ተሸክሞ መሄድ አይቻልም፤ ሊንቀሳቀስ የሚችለው ውጤቷ ብቻ ነው።

ጉዞው የተጀመረው በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ክረምቱ እንዳለፈ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ሠራዊታቸውን፣ ቤተሰባቸውን፣ የአውሮፓ ባለእጆቻቸውንና መድፎቻቸውን በሠረገላ ጭነው በጨጨሆ በኩል ወደ ምሥራቅ አቀኑ። ከደብረ ታቦር መቅደላ በቀጥታ መስመር ሲለካ ከ160 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። የደረሱት በመጋቢት ወር በመሆኑ፣ በአማካይ በቀን ከአንድ ኪሎ ሜትር እምብዛም አልበለጡም ማለት ነው። ይህን ዝግታ የመዳከም ምልክት አድርገው የሚያዩት አሉ፤ በእኔ ግምት ግን ዝግታው የሥራውን ዓይነት ነው የሚነግረን። ሠራዊቱ በዚያ ጊዜ ዘማች ብቻ አልነበረም፤ መንገድ ሠሪም ነበር። ከፊት የሚሄደው ድንጋይ ይፈልጣል፣ ገደል ይደረምሳል፣ ሸለቆ ይሞላል፤ ዓለቱ እምቢ ሲል በባሩድ ይሰነጠቃል፤ ከኋላ ያለው ይጎትታል። በዐይናቸው ያዩ ሁሉ ደጋግመው እንደጻፉት ንጉሡ ራሳቸው ከማለዳ ጀምሮ በእጃቸው ድንጋይ እያነሡ ይሠሩ ነበር። እርሳቸው ሲያነሡ ቆሞ ማየት የሚችል ሹም የለም።

የችግሩን ልክ ለማየት ሒሳቡን በግርድፉ መሥራት ይጠቅማል። መድፉ ሰባት ቶን፣ ሠረገላው ሁለት ቶን ቢሆን ጠቅላላው ዘጠኝ ቶን ነው። በየስድስት ሜትሩ አንድ ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ ይህን ለመሳብ ለከፍታው ብቻ 1,500 ኪሎ የሚያህል ጉልበት ያስፈልጋል፤ የእንጨት መንኮራኩር በአፈር መንገድ ላይ የሚገጥመውን ተቃውሞ ከክብደቱ አንድ ዐሥረኛ ብናደርገው ሌላ 900 ኪሎ ይጨመራል። አምስት መቶ ያህል ሰው እንደጎተተው ይነገራል፤ ይህ ለእያንዳንዱ ሰው አምስት ኪሎ እንኳ አይደርስም፤ ገመድ የያዘ ጎልማሳ ደግሞ የዚህን ሦስት እጥፍ ለረጅም ሰዓት ሊስብ ይችላል። ታዲያ ያ ሁሉ ሰው ለምን አስፈለገ? መልሱ ያለው ዳገቱ ላይ ሳይሆን ድንጋዩ ላይ ነው። የመንኮራኩሩ ቁመት አንድ ሜትር ከሃያ ነው ብለን ብንገምት፣ የፊተኞቹ ሁለት መንኮራኩሮች ዐሥር ሴንቲ ሜትር ከፍታ ካለው ድንጋይ ጋር ሲጋጩ፣ ያን ለመዝለል ብቻ ከዳገቱ ጉልበት ሌላ ሦስት ቶን ያህል መሳቢያ ይጠየቃል። ከስንዝር ያነሰች አንዲት ድንጋይ ከመላው ዳገት ትከብዳለች ማለት ነው። ስለዚህ ከባድ ዕቃን ማቅለል የሚቻለው ሳቢ በመጨመር ሳይሆን ከመንኮራኩሩ ፊት ያለውን መሬት በማስተካከል ነው። ቴዎድሮስ ስድስት ወር ያጠፉት ሰው አጥተው አይደለም፤ መሬቱን ሲያስተካክሉ ነው።

መታጠፊያው ሌላ ፈተና ነበር። አምስት መቶ ሰው በአራት ገመድ ቢደረደር እያንዳንዱ ገመድ መቶ ሜትር ያህል ይረዝማል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ይህ ሁሉ ጉልበት አንድ ላይ ይሠራል። ገደል የሚወርድ መንገድ ግን ቀጥ ሊሆን አይችልም፤ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዘ መውረድ አለበት። ጥምዝማዜው ላይ የፊተኛው ሰልፈኛ አንዱን ክንፍ ይዞ፣ መድፉ ገና ሌላው ክንፍ ላይ ነው፤ ገመዱ ወደ ጎን ይስባል፤ ሠረገላውን ወደ ገደሉ አፍ ይጎትተዋል። ስለዚህ መታጠፊያው ሰፊ፣ የመንገዱ ጠርዝ በግንብ የተደገፈ፣ መሬቱም በበቂ የተደለደለ መሆን ነበረበት። ከወደላ ወደ ጂዳ፣ ከጂዳ ወደ ደላንታ፣ ከደላንታ ወደ በሽሎ፣ እንደገና ከበሽሎ ወደ አሮጌ ሲሄዱ በየጊዜው አንድ ሺህ ሜትር ያህል ወርዶ ያንኑ ያህል መውጣት ነው። ከመውጣት ደግሞ መውረድ ይከፋል፤ ወጪው ሠረገላ ጎታቹ ሲደክም ከመንኮራኩሩ ኋላ ድንጋይ ተደርጎ ሊቆም ይችላል፤ ወራጁ ግን ያዡ ሲደክም አይቆምም። ቁልቁለቱ ከበረታ ከአንድ ቶን የሚበልጥ ግፊት ከኋላ በገመድ መያዝ ነበረበት። ከሁሉም በላይ የሚደንቀኝ ይህ ነው፤ መድፉ ከነሠረገላው ሁለቱን ገደሎች አልፎ መቅደላ ደርሷል።

በዚያው ወራት ከባሕር ወደዚሁ አምባ የሚገሰግስ ሌላ ከባድ ጭነት ነበር። የእንግሊዝ ጦር መሪው ሰር ሮበርት ናፒየር ወደ 13,000 የሚጠጋ ወታደር ይዘው በዙላ ወደብ በኩል ገብተው፣ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ውስጥ ተጓዙ። ሁለቱን ጉዞዎች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ክርክሬን የሚያጠነክረው ይመስለኛል። ናፒየር የያዙት በዘመኑ ከነበረው ሁሉ የላቀ ነበር፦ ከወደቡ እስከ ተራራው ግርጌ የተዘረጋ አጭር የባቡር ሐዲድ፣ በዐሥር ሺዎች የሚቆጠሩ በቅሎዎች፣ ግመሎችና በሬዎች፣ ከቦምቤይ በመርከብ የመጡ 44 ዝሆኖች። ይህ ሁሉ እያላቸው ግን ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ አላለፈም። ከዚያ ወዲያ የመረጡት መንገድ የነጋዴ ሲራራውን ነበር፤ ዕቃውን ለከብቱ ማስማማት። የተራራ መድፎቻቸው ተፈታተው በበቅሎ የሚጫኑ ነበሩ፤ አርምስትሮንግ የተባሉት መድፎችና ሁለቱ ሞርታሮች በዝሆን ጀርባ ተጫኑ። ዝሆኑ ለእነርሱ ትልቅ በቅሎ ነበር፤ ከዝሆን ጀርባ የሚበልጥ ምንም አልያዙም። በዓለም ትልቁ ኢንዱስትሪ ያላት አገር የሚከፈለውን ስትመርጥ፣ ከአንድ እቶን መንደር በስተቀር ምንም ያልነበራቸው ንጉሥ የማይከፈለውን ይዘው ተነሡ። ይህን እብደት የሚሉት አሉ፤ በወታደራዊ ሚዛን ብቻ ከታየ ልክ ናቸው። በምሕንድስና ሚዛን ሲታይ ግን ሁለቱ ለአንድ ጥያቄ የተሰጡ የተለያዩ መልሶች ናቸው፤ ከባዱን የመለሱትም ቴዎድሮስ ናቸው።

የመንገዱ ጥራት እንዴት ይታወቃል ለሚል ሰው ከናፒየር ጦር የተሻለ ምስክር አይገኝም። ጦሩ ወደላን አልፎ ጂዳ አፋፍ ሲደርስ የጠበቀው ለሴባስቶፖል የተቆረጠው መንገድ ነበር፤ ወደ ደላንታ የተሻገረው፣ ከዚያም ወደ በሽሎ የወረደው በዚያው መንገድ ነው። ከጦሩ ጋር የነበረውና የዘመቻውን ታሪክ የጻፈው ክሌመንትስ ማርክሃም ያንን መንገድ በአድናቆት ነው የገለጸው። ለአንድ መድፍ የተሠራ መንገድ የዝሆንና የበቅሎ ሠራዊት ተሸከመ። አሳዛኙ ነገር እርሱ ነው፤ ለመከላከያ የተቆረጠው መንገድ አጥቂውን አፋጠነ። መንገድ ባለቤቱን አይለይም፤ ይህ ደግሞ የመንገዱን ጉድለት ሳይሆን ጥራት ይመሰክራል።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ግን የሰው ዋጋ ነው፤ እርሱን በቀላሉ ላልፈው አልፈልግም። ያ መንገድ የተሠራው በግዳጅ ነው። ሠራዊቱ የሚበላው ከአካባቢው ገበሬ በመዝረፍ ነበር፤ በጌምድር ከዚያ በፊት በዘረፋና በቃጠሎ ተራቁቷል፤ ከድንጋይ ፈላጮቹ መካከል ስንቱ በረሃብና በድካም እንደወደቀ የቆጠረው የለም። ስለዚህ የሥራውን ትልቅነት ማንሣት የሠሪውን ሥቃይ መሸፈኛ መሆን የለበትም። እኔ ግን ሥቃዩ ራሱ ለክርክሩ ማስረጃ ነው ባይ ነኝ። ከባድ ዕቃን የሚያቀልል መሣሪያ በሌለበት ቦታ ክብደቱ አይጠፋም፤ ወደ ሰው ትከሻ ይዛወራል። መዘውር፣ ጥሩ ብረት የታሰረበት መንኮራኩር፣ ቁልቁለት ላይ የሚይዝ ፍሬንና ድልድይ ያላት አገር ያንኑ መድፍ በሃምሳ ሰው ታሳልፈው ነበር። የጎደለው መሣሪያ ገመድ በያዘ አራት መቶ ሃምሳ ሰው ተሞላ። የዚህን ጉዞ ታሪክ ከእቶኑ ታሪክ አሳንሰን ስንተርክ፣ ባለእጆቹን በስም እያነሣን እነዚያን አምስት መቶዎች እንረሳቸዋለን ማለት ነው።

ሌላው ተቃውሞ መድፉ ለምንም አልጠቀመም የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ ላይ በተደረገው ውጊያ የቴዎድሮስ መድፎች የጦርነቱን ውጤት አልለወጡም፤ ከትልልቆቹ አንዱ ገና ሲተኮስ ፈነዳ። ከሦስት ቀን በኋላ አምባው ተሰብሮ ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ። ይሁን እንጂ ከውጊያው በኋላ የሆነውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። እንግሊዞች ከመቅደላ የዘረፉትን የብራና መጻሕፍት፣ ዘውድ፣ ታቦትና የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት ወደ ደላንታ ሜዳ ሲያጓጉዙ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች አስፈለጓቸው። ዛሬ በለንደን ቤተ መዘክሮችና ቤተ መጻሕፍት የሚገኘው ያ ነው። ሴባስቶፖል ግን አልሄደም፤ እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ አለ። በአጋሰስ ልክ የነበረው ቅርስ ተወሰደ፤ ከአጋሰስ ልክ ያለፈው ቀረ። መድፉን ወደ ባሕር ለማውረድ ከወደላ ወደ ሰሜን ሌላ የቴዎድሮስ መንገድ መቁረጥ ያስፈልግ ነበር፤ ያንን ለማድረግ የሚደክም ድል አድራጊ አልተገኘም።

ከመቅደላ በኋላ አገሪቱ ወደ ቀደመው መልስ ተመለሰች። በምኒልክ ዘመን ወደ ሸዋ የገባው ማሽን ሁሉ ከሞላ ጎደል ተፈታትቶ በግመልና በበቅሎ የሚመጣ ነበር፤ ምን ዓይነት ማሽን እንደሚገዛ የሚወስነውም ሥራው ሳይሆን ትልቁ ክፍሉ ስንት ኪሎ ይመዝናል የሚለው ነበር። ከዚህ ልማድ ወጣ ያለው አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ለንጉሠ ነገሥቱ ያስመጣው፣ ሕዝቡ የሰርኪስ ባቡር ያለው፣ በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ መዳመጫ ነው። በብዙ ሰው ጉልበት እየታገዘ ነው አዲስ አበባ የደረሰው። መንገድ ሊሠራ የመጣ ማሽን መንገድ በማጣት መቸገሩ የዘመኑን እንቆቅልሽ በአንድ ዕቃ ላይ ያሳያል፤ መዳመጫ ለማስገባት መንገድ ያስፈልጋል፤ መንገድ ለመሥራት መዳመጫ።

እንቆቅልሹን የፈታው ሐዲዱ ነው። የጂቡቲ መስመር ሥራ እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ ገንዘብ አለቀ፤ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን የጥቅም ፉክክር ገባበት፤ የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ በሌላ ተተካ። አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው፤ መላው መስመር 784 ኪሎ ሜትር። ሥራው ቆሞ በነበረባቸው ዓመታት ከባድ ዕቃ የሚያርፍበት ድንበር ድሬዳዋ ነበረች፤ የምድር ባቡሩ ትልቅ የጥገና ጋራዥ እዚያ መተከሉም በአጋጣሚ አይደለም። ባለብዙ ቶን ቶርኖና መብሻ ማሽን ከመርከብ በክሬን ወርዶ፣ በፉርጎ መጥቶ፣ ሐዲዱ ጋራዡ ውስጥ ገብቶ እስከሚያራግፈው ድረስ መሬት አይነካም። ድሬዳዋ የባለሙያ ከተማ የሆነችው ከየትም በፊት ያልተፈታታ ማሽን ሊደርስባት ስለሚችል ነው። አንዳንዶች የፈረንሳዮቹ ስልጠና ነው ዋናው ምክንያት ይላሉ፤ ስልጠናው ትልቅ ነገር መሆኑን አልክድም፤ ግን ቶርኖ በሌለበት የቶርኖ ሠራተኛ አይሠለጥንም፤ ቶርኖው ደግሞ በግመል አይመጣም።

ሁለቱ መልሶች እስከ እኛ ዘመን ድረስ አብረው ኖረዋል። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1937 ከአክሱም የወሰዱት 24 ሜትር ርዝመትና 160 ቶን ገደማ ክብደት ያለው ሐውልት በ2005 ሲመለስ ለሦስት ተከፍሎ፣ በዘመኑ ከታላላቆቹ የጭነት አውሮፕላኖች አንዱ በሆነው አንቶኖቭ በሦስት በረራ ነበር የመጣው። ከአውሮፕላን ሆድ የማይገባ ነገር እንደ ጥንቱ ይከፈላል፤ የአንቶኖቭ ሆድ ደግሞ የዘመናችን የበቅሎ ጀርባ ነው። የጥንት አክሱማውያን ግን ያንኑ ድንጋይ ሳይከፍሉት ነው ያመጡት።

ዛሬ በየከተማው ባለው የቶርኖ ቤትና የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ሁለት ቶን የሚመዝን ማሽን ሲዛወር የሚታየው አሠራር ከዚያ ጉዞ ጋር ቀጥተኛ ዝምድና አለው። ጫኝና አውራጆቹ ማሽኑን በድጅኖና በክሪክ አንሥተው የብረት ቱቦ ከሥሩ ይደረድራሉ፤ ከኋላ ያለቀውን ቱቦ ወደ ፊት እያመጡ ይገፉታል፤ ከመግፋታቸው በፊት ግን ወለሉን ይጠርጋሉ፣ ስንጥቁን በላሜራ ይሸፍናሉ፣ የበሩን ደፍ በጣውላ ያስተካክላሉ። አንዲት ጠጠር ቱቦው ሥር ብትገባ ምን እንደምትሠራ ያውቃሉ። ማሽኑን ኩሽኔታ ባለው መንኮራኩር ላይ ለዘለቄታው የሚያስቀምጥ ባለሙያም መጀመሪያ የሚያየው ወለሉን ነው፤ ያልተስተካከለ ሲሚንቶ ላይ መንኮራኩር የተገጠመለት ማሽን ከማይንቀሳቀሰው ይልቅ አደገኛ ነው፤ ቢሠራ ይንቀጠቀጣል፣ ቢገፋ ያጋድላል። የጂዳ መንገድ ሠሪዎች የገጠማቸው ያው ነው፤ የሚለየው ስፋቱ ነው።

በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሴባስቶፖል ቅጂ ቆሟል። መድፉን ማሳየቱ ተገቢ ነው፤ የሚጎድለው ግን መንገዱ ነው። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ያለው መስመር በጨጨሆ፣ በጂዳና በበሽሎ ቁልቁለቶች ላይ ተከትሎ፣ ጥምዝማዜው፣ ስፋቱና የድጋፍ ግንቡ ተለክቶ በካርታ ቢቀመጥ፣ የመንገድ መሐንዲሶቻችን ስለ ጋፋት ከታሪክ ጸሐፊዎቻችን ያላነሰ የሚናገሩት ይኖራቸዋል። ያ መስመር እንደ መድፉ ሁሉ የጋፋት ሥራ ነው፤ በቅርስነት ሊመዘገብና አዲስ መንገድ ሲቀየስ ሳይታረስ ሊጠበቅ ይገባዋል።